ያረጀ የኒውክሌር ጣቢያን ማን ይፈትሸዋል? ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎች

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኒውክሌር ጣቢያም እንገነባለን ካሉ ወዲህ፣ ደሴ ላይ ቡና በሰላም የጠጣሁበት ቀን ጥቂት ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ ከአቦል እስከ በረካ የምጠየቀው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስለ ቦምብ ይነሳል። ቦምብ ሌላ፣ መብራት ሌላ እላቸዋለሁ፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ቶናው ላይ ግን ጥሩ ጥያቄ ይመጣል፦ «እሺ ቲቸር፣ ሲያረጅስ? ማን ያየዋል?» ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የመጡብኝ ናቸው። «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

እኛ አገር ጣቢያ የለ። ስላረጀ ጣቢያ ምን አስጨነቀን?

ልክ ነው፣ የለም። አፍሪካ ውስጥ እየሠራ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን አጠገብ ያለው ኩበርግ። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ እየገነባች ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በመስከረም 2025 ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች።

ሩሲያ አሁን ለውጭ የምትሸጣቸው ትልልቅ ሪአክተሮች (ጣቢያው ውስጥ ሙቀቱ የሚፈጠርባቸው ክፍሎች) ሲነደፉ ጀምሮ 60 ዓመት እንዲሠሩ ታስበው ነው። እንግዲህ አስሉት። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ጡረታ ሲወጣ ጣቢያው ገና ሥራ ላይ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚፈትሸው መሥሪያ ቤት ሥልጣኑን የሚያገኘው ደግሞ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ከሚጻፈው ሕግ ነው። ስለዚህ የሚያስጨንቅ ከሆነ፣ የማስጨነቂያው ጊዜ አሁን ነው።

ጣቢያ አረጀ የሚባለው በስንት ዓመቱ ነው?

በሁሉም አገር አንድ ቁጥር የለም። አሜሪካ የመጀመሪያውን ፈቃድ ለ40 ዓመት ትሰጣለች። ብዙ ሰው 40 ዓመት ሲሞላ ብረቱ የሚያልቅ ይመስለዋል። ቁጥሩ የመጣው ግን ከብረቱ ሳይሆን ከገንዘብ ስሌትና ከገበያ ውድድር ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ በ20 በ20 ዓመት ይታደሳል፤ እስከ 80 ዓመት የተፈቀደላቸው አሉ። ፈረንሳይ ጭራሽ የዕድሜ ጣሪያ የላትም። በየ10 ዓመቱ ጣቢያውን ከላይ እስከ ታች መርምራ ትቀጥል ወይ አትቀጥል ትላለች። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቤዝናው የሚባለው ጣቢያ ከ1969 ጀምሮ እየሠራ ነው።

የሐረጎን ቁልቁለት ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አይቸግረኝም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከፊት አሮጌ አይሱዙ ካለ፣ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ይገባል። ያን ጊዜ የሰሌዳውን ቁጥር አይቶ «ስንት ዓመቷ ነው?» የሚል ተሳፋሪ አላየሁም። ሁሉም በልቡ የሚጠይቀው ፍሬኗን ማን፣ መቼ እንዳየው ነው።

አዲስነትም ዋስትና እንዳልሆነ ፈረንሳዮች አይተውታል። በ2021 መጨረሻ ሲቮ በሚባል ጣቢያ የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣ ቧንቧ ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ሲቮ ያኔ ከአገሪቱ ጣቢያዎች ሁሉ የቅርቡ ነበር! በዚያ ምክንያት ብዙ ሪአክተሮች ለምርመራ ቆሙ። ለዓመታት መብራት ስትሸጥ የኖረችው ፈረንሳይ በ2022 ገዢ ሆነች።

በትክክል የሚያረጀው ምኑ ነው?

አብዛኛው ነገር ይቀየራል። ፓምፕ ይቀየራል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ይቀየራል። ኩበርግ ላይ እያንዳንዳቸው እንደ ቤት የሚገዝፉ የእንፋሎት ማመንጫዎች ተነቅለው በአዲስ ተተክተዋል፤ ለአንዱ ሪአክተር ሦስት ሦስት። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሪአክተር በሐምሌ 2024 ሌላ 20 ዓመት ተፈቀደለት፣ ሁለተኛውም በ2025 ተከተለ።

የማይቀየረው ዩራኒየሙ የሚቀመጥበት የብረት ዕቃ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ «ጋን» እለዋለሁ። ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ግድም ይወፍራል። ኒውትሮን የሚባሉት ቅንጣቶች ለዓመታት ሲደበድቡት ብረቱ ውስጥ ውስጡን ይደርቃል። እርጥብ የወይራ ቅርንጫፍ ስታጎብጡት እሺ ይላል፤ የደረቀው ቀጭ ይላል። እንደዚያ ነው። ችግሩ በደህና ቀን አይታይም። አደጋ ደርሶ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲለቀቅበት ነው የሚፈራው። ከፍም ላይ የተነሳ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደፍቶ የሚያውቅ ሰው ድምፁን ያስታውሰዋል።

ታዲያ ጋኑ ምን ያህል እንደደረቀ እንዴት ይታወቃል? ዘዴው ደስ ይላል። ጣቢያው ሲገነባ ከዚያው ብረት ጣት የሚያካክሉ ቁራጮች ይቆረጡና ጋኑ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። የሚሰቀሉት ከግድግዳው ይልቅ ወደ እሳቱ ቀረብ ተደርገው ነው። ስለዚህ ከግድግዳው ቀድመው ያረጃሉ። በተወሰነ ዓመት አንድ እስር ይወጣና እንደ ደወል ምላስ በሚወዛወዝ መዶሻ ይመታል። ለመስበር ስንት ጉልበት እንደፈጀ ይለካል። ቁራጩ የሚናገረው የጋኑን የነገ ዕድሜ ነው። የአንዳንድ የሶቪየት ሪአክተሮች ጋን በ475 ዲግሪ ግድም ከ100 ሰዓት በላይ ተግሎ «እንዲለሰልስ» ተደርጓል። ግን ይህም የት ድረስ እንደሚሄድ ወሰን አለው።

እንግሊዞች ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነበረባቸው። የእነሱ የቆዩ ሪአክተሮች ልብ ከግራፋይት ጡብ የተገነባ ነው፤ ጡቡም አይቀየርም። ስኮትላንድ ውስጥ ሃንተርስተን ቢ ላይ አንደኛው ሪአክተር ሲታይ የተፈቀደው የስንጥቅ ጣሪያ 350 ሆኖ ሳለ 370 ያህል ተገኘ። ያ 2018 ነበር። ተዘጋ፣ ተጠና፣ ለአጭር ጊዜ ተፈቀደለት፣ በጥር 2022 ጣቢያው ለሁልጊዜው ቆመ።

የመንግሥት ተቆጣጣሪው ጠዋት ተነስቶ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ቢሮ ተቀምጦ ማኅተም የሚመታ ይመስለዋል። አሜሪካ ውስጥ በየጣቢያው ቢያንስ ሁለት የመንግሥት ፈታሾች ቋሚ ቢሮ አላቸው። ቤታቸውም እዚያው አካባቢ ነው። ጠዋት መቆጣጠሪያ ክፍሉ ገብተው የሌሊቱን መዝገብ ያነባሉ፣ ከዚያ በእግራቸው ይዞራሉ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ያለቦታው የተቀመጠ መሰላል፣ ለሦስተኛ ጊዜ የተበላሸ ፓምፕ ይፈልጋሉ። ልምዱ የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው።

አንድ ደንብ አላቸው፣ እኔ በጣም የወደድኩት። አንድ ፈታሽ አንድ ጣቢያ ላይ ከ7 ዓመት በላይ አይቆይም። ለምን? ይለመዳላ። ልጆቹ ከሠራተኛው ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ ሰርግ ይጠራል፣ ዝክር ይጠራል። ከዚያ ወዲያ «ይህ ቧንቧ ምን ሆኖ ነው?» ማለት ይከብዳል። እኛ ወሎዎች ይህን ለመረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገንም። አብሮ ቡና የጠጡትን ሰው መክሰስ እንዴት እንደሚከብድ እናውቃለን።

ፈታሹ ራሱ ቢለሳለስስ?

ይህን ጥያቄ ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ቦይለር ላይ የሚሠሩ ጎረቤቴ ናቸው ያመጡት። «ጋሼ፣ እኔ የፈራሁት ብረቱን አይደለም፣ ፊርማውን ነው» አሉኝ። እኔም ዴቪስ-ቤሲን ነገርኳቸው። ረዘም ቢልም እዚህም ልንገራችሁ።

ዴቪስ-ቤሲ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ያለ ጣቢያ ነው። በ2001 ሌሎች ጣቢያዎች ላይ የጋኑ እፊያ አካባቢ ስንጥቅ ስለተገኘ፣ የአሜሪካው የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ተመሳሳይ የሆኑት ሁሉ እስከ ታኅሣሥ 31 ድረስ ቆመው እንዲታዩ ፈለገ። ኩባንያው ትንሽ ቀን ስጡን አለ። ጣቢያ ማቆም በየቀኑ ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። የኮሚሽኑ ባለሙያዎች የማዘጊያ ትእዛዝ እስከማርቀቅ ደርሰው ነበር። በመጨረሻ ተስማሙና እስከ የካቲት 16 ቀን 2002 ተፈቀደ።

ቆሞ ሲታይ እፊያው ላይ ጉድጓድ ተገኘ። ከጋኑ የሚያፈተልከው ውሃ ቦሪክ አሲድ አለበት። አሲዱ ለዓመታት እየተጠራቀመ ከ16 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚሆን ብረት በልቶ ጨርሷል። የቀረው ከውስጥ በኩል የተለበጠው አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ የማይዝግ ብረት ነው። እሱም ወደ ውጭ ማበጥ ጀምሯል። ከሥሩ ያለው ግፊት 150 አትሞስፌር ያህል ነው፤ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው 60 እጥፍ ግድም።

ጎረቤቴን ያስቆጣቸው ግን ጉድጓዱ አልነበረም። ምልክት ነበረ። በ2000 የተነሳ ፎቶ ላይ ከእፊያው ዝገት የመሰለ ቀይ ነገር ተዘርግፎ ይታያል። ሕንፃው ውስጥ ያለው የአየር ማጣሪያ ቡናማ ብናኝ እየሞላበት በየሁለት ቀኑ ይቀየር ነበር። የእሳቸው ቦይለር ማጣሪያ በየሁለት ቀኑ ቢደፈን ምን ያደርጋሉ? «አጠፋዋለሁ!» አሉ። እዚያ ግን ማጣሪያው ብቻ ነበር የሚቀየረው።

በኋላ የኮሚሽኑ የራሱ የውስጥ መርማሪ ጉዳዩን አየው። ቀኑ እንዲራዘም የተደረገው በአብዛኛው ኩባንያው ገንዘብ እንዳይጎዳ በማሰብ ነው ብሎ ጻፈ። ጣቢያው ሁለት ዓመት ቆመ። ኩባንያው በ2005 ለኮሚሽኑ 5.45 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2006 ደግሞ ለፍትሕ መሥሪያ ቤቱ 28 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያን ሁሉ የምናውቀው ተቆጣጣሪው ላይ ሌላ ተቆጣጣሪ ስለነበረና ሪፖርቱ ለሕዝብ ስለወጣ ነው።

የጃፓኑ የፉኩሺማ ጣቢያ አደጋ የሱናሚ ነው ወይስ የእርጅና?

የሱናሚ ነው። እርጅና አፈነዳው ማለት ስህተት ነው። ግን የመጀመሪያው ሪአክተር ከ1971 ጀምሮ የሠራ ነበር። 40 ዓመት ሲሞላው ተጨማሪ 10 ዓመት የተፈቀደለት በየካቲት 2011 ነው። ማዕበሉ የመጣው መጋቢት 11 ነው። በወሩ!

ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ የኒውክሌር ኃይል እንዲስፋፋ በሚሠራው ሚኒስቴር ሥር ነበር። አስፋፊውም ፈታሹም አንድ ጣሪያ ሥር። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው ኮሚሽን በ2012 አደጋውን ሰው ሠራሽ ብሎ ጠራው። ተቆጣጣሪው በሚቆጣጠረው እጅ ገብቷል አለ። በዚያው ዓመት አዲስ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ይኸው አዲሱ መሥሪያ ቤት በ2024 ሱሩጋ የሚባል ጣቢያ ሁለተኛ ሪአክተሩን ልክፈት ሲል፣ ከሥሩ ንቁ የመሬት ስንጥቅ ሊኖር ይችላል ብሎ ከለከለ። ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲህ ሲከለክል የመጀመሪያው ነበር።

አሜሪካኖችም እስከ 1974 ድረስ አስፋፊውና ፈታሹ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ኋላ በሕግ ለሁለት ከፈሉት።

ፈታሹ ደሞዙን ከማን ይቀበላል?

ሐጂ የምላቸው አንድ ነጋዴ ናቸው የጠየቁኝ፤ ነጋዴ መቼም ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ አያልፍም። አሜሪካ ውስጥ የተቆጣጣሪው በጀት በአብዛኛው የሚሸፈነው ጣቢያዎቹ በሚከፍሉት ክፍያ ነው። ግን ኩባንያው ለፈታሹ በእጁ አይሰጠውም። ክፍያው በሕግ ይተመናል፣ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል፣ በጀቱን ምክር ቤት ይወስናል።

ከደሞዙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ማን ሊያባርረው ይችላል የሚለው ነው። ደቡብ አፍሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪው ቦርድ ውስጥ የሲቪል ማኅበረሰቡ ወኪል የሚቀመጥበት ወንበር አለ። የኩበርግ ዕድሜ ይራዘም አይራዘም በሚባልበት ሰሞን፣ በ2022፣ የኢነርጂ ሚኒስትሩ ያን ወኪል አነሱት። ሰውየው የኒውክሌር ተቃዋሚ ነው፣ ገለልተኛ አይደለም የሚል ክርክር ነበር። ፍርድ ቤት በ2023 ስንብቱን ሻረው። ወኪሉ ልክ ነበር አልነበረም ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የያዝኩት ሚኒስትር ያነሳውን ሰው ፍርድ ቤት የመለሰበት ሕግ መኖሩን ነው።

ክልል ወይም ከተማ «አንፈልግም» ማለት ይችላል?

እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቬርሞንት የምትባል ትንሽ ግዛት ሞክራዋለች። ቬርሞንት ያንኪ ከ1972 ጀምሮ የሚሠራ ጣቢያ ነበር። በ2007 አንድ የማቀዝቀዣ ማማው ክፍል ተደረመሰ። የኩባንያው ሰዎች ከመሬት በታች ጨረር ያለበት ውሃ የሚያልፍበት ቧንቧ የለንም ብለው ነበር። በ2010 ከዚያው ከሌለው ቧንቧ ትሪቲየም የሚባል ጨረር ያለው ሃይድሮጂን ፈሰሰ። የግዛቱ ሴኔት 26 ለ 4 አይቀጥልም ብሎ ድምፅ ሰጠ።

የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ ግን በመጋቢት 2011፣ ፉኩሺማ በደረሰ በ10ኛው ቀን፣ 20 ዓመት ጨመረለት። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ። የጨረር ደኅንነት የፌዴራል ሥልጣን ነው፣ ግዛት አይገባበትም ተባለ። ኩባንያው አሸነፈ። ከዚያ በ2014 መጨረሻ ራሱ ዘጋው! ጋዝ ረክሶ ጣቢያው አላዋጣ ብሎት ነበር።

የቪየናው ድርጅት መጥቶ አይዘጋውም?

አይዘጋም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የተቋቋመው በ1957 ነው፤ ኢትዮጵያም ከዚያው ዓመት ጀምሮ አባል ናት። ሲጋበዝ ባለሙያ ይልካል፣ ያያል፣ ይመክራል፣ ይጽፋል። ያረጁ ጣቢያዎችን ብቻ የሚያይ ቡድንም አለው። ቁልፉ ግን የባለአገሩ ነው። በ1994 የወጣው የኒውክሌር ደኅንነት ስምምነትም ኃላፊነቱን ለየአገሩ ነው የሰጠው።

እኛ ጋ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። እሱስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ሽማግሌዎች ናቸው። ከኮምቦልቻ በታች ወደ ሸዋ ሮቢት መንገድ ያለችውን ካራቆሬን ያስታውሳሉ። በ1953 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ካራቆሬን ክፉኛ ጎድቶ ማጀቴን አፍርሷል። አፋር ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጥነው።

አርሜኒያን ልስጣችሁ። መጻሞር የሚባል ጣቢያ አላት፤ ሁለቱ ሪአክተሮቹ ሥራ የጀመሩት በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980 ነው። ታኅሣሥ 1988 ስፒታክ ላይ የደረሰው መንቀጥቀጥ ከ25,000 በላይ ሰው ገደለ። ጣቢያው አልተጎዳም፣ ግን ስለተፈራ በ1989 ተዘጋ። ከዚያ አገሩ ጨለመ። ጦርነት ነበር፣ ነዳጅ አይገባም፣ ሰው ለማገዶ ዛፍ ቆረጠ። በ1995 አንደኛውን ሪአክተር መልሰው ከፈቱት፤ እስከ ዛሬ ከአገሪቱ መብራት ሲሶ የሚሆነው ከእሱ ነው። ዕድሜውም ደጋግሞ ተራዝሟል።

መብራት የሌለበት ክረምት ምን እንደሚመስል ለወሎ ሰው አይነገረውም። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ፈታሹ «ይዘጋ» ብሎ ለመጻፍ ብዕሩ ምን ያህል እንደሚከብደው ገምቱ። ስለዚህ ሌላ የመብራት ምንጭ ያላት አገር ፈታሿም ነፃ ነው ባይ ነኝ። የሕዳሴው 5,150 ሜጋ ዋት በዚህ በኩልም ይታየኛል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጨረርን የሚቆጣጠር አለ ወይ?

አለ። የጨረራ መከላከያ ሕግ ከ1993 ጀምሮ አለን። በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1025 ደግሞ ስሙ ላይ ኒውክሌርም ገባበት። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥራ እስከ ዛሬ የሐኪም ቤት ራጅ፣ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ፣ ፋብሪካ ውስጥ ያለ የጨረር መለኪያ የመሳሰለውን መፈተሽ ነው። ቀላል ሥራ አይደለም፤ ደሴ ውስጥ እግሩን ራጅ የተነሳ ሰው ሁሉ የእነሱ ደንበኛ ነው። ግን ራጅ ከመፈተሽ ጋን እስከመፈተሽ ድረስ ያለው ርቀት ረጅም ነው። ብረት የሚያውቅ፣ ሲሚንቶ የሚያውቅ፣ ብየዳ በአልትራሳውንድ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ተማሪዎቼ «ኒውክሌር ኢንጂነር መሆን እፈልጋለሁ» ሲሉኝ፣ ፈታሽ ለመሆንስ አስባችሁ ታውቃላችሁ እላቸዋለሁ። እስካሁን እጁን ያወጣ አንድ ልጅ ብቻ ነው።

ሲዘጋስ? ቁጥጥሩ ያበቃል?

እንግሊዝ ውስጥ ካልደር ሆል የሚባለው ጣቢያ በ1956 ንግሥቲቱ መርቀው ከፈቱት። በ2003 መብራት መስጠት አቆመ። በ2007 የማቀዝቀዣ ማማዎቹ ሆን ተብሎ እንዲፈርሱ ተደረገ። የመጨረሻው ነዳጅ ከውስጡ የወጣው ግን በ2019 ነው። ሪአክተሮቹ አሁንም እዚያው ቆመዋል፤ ጨረራቸው እስኪቀንስ ገና አሥርት ዓመታት ይጠበቃሉ። ያ እጁን ያወጣው ልጅ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ከተዘጋም በኋላ ቦሎ ይለጠፍለታል ማለት ነው?» አለኝ። አዎ። ጣቢያው ተነቅሎ መሬቱ እስኪጸዳ ድረስ ፈታሹ መሄዱን አያቆምም።